ምርቃት የሌለበት ሚዛን

አንትወርፐን ወደብ ነው የምሠራው፣ ከሼልት ወንዝ ዳር፤
ቶን ነው የሚያውቀው ሚዛኔ፣ ብረት፣ ሙዝ፣ የኮንቴነር ክምር።
ሃያ ኪሎ ቢጎድል፣ ሃያ ኪሎ ቢተርፍ
ማንም አይጠይቀኝም፤ ፈርሜ ነው የማሳልፍ።

ልጄ በተወለደ በዘጠነኛው ሌሊት
ጡት እምቢ አለ። ትርሲት
ከንፈሯን ግንባሩ ላይ አሳርፋ ቆየች፤
ቴርሞሜትሩን ሳታይ፣ “ነዷል” አለች።

እኔ፣ አባት ነኛ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ሮጥሁ፤
የታላቁን የናሆምን ሽሮፕ ከበሩ ኪስ አወጣሁ፤
ከጆሮ ሕመሙ የተረፈ፣
ሮዝ፣ ክዳኑ ላይ የደረቀ።
ናሆም አራት ዓመቱ ነው።
ለእሱ አንድ ማንኪያ ከሆነ፣
ለዚህ ሩቧ ትበቃዋለች ብዬ
ማንኪያ ሳማርጥ፣ ትርሲት ጠርሙሱን መነተፈችኝ።
“ታክሲ ጥራ!”

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ልብሱን ገፈው፣ ዳይፐሩን ሳይቀር አውልቀው መዘኑት፤
ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ግራም።
ግራም! እኔ በዕድሜዬ በግራም የመዘንሁት የለም።

ደም ወሰዱ። ሽንት ወሰዱ። ከአከርካሪው መሐል
ጠብታ ውሃ ቀዱ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሳሉትን
ዓሦች እቆጥር ነበር፤ አሥራ ሰባት ናቸው፣ አንዱ ጅራት የለውም።

ስለ ሽሮፑ ለነርሷ ለሊስቤት ነገርኋት፣ እንደ ንስሐ።
አልተቆጣችም። “ሕፃን” አለች፣ “የትልቅ ልጅ ሩብ አይደለም።
ኩላሊቱ ሥራ ከጀመረ ዘጠኝ ቀኑ ነው።
አዲስ ሠራተኛ ነው፤ የገባለትን ቶሎ አያወጣም።
ሳያራግፍ ከደረብንበት፣ የሚከፍለው ጆሮው ነው።”
ይሄ ገባኝ። አዲስ ሠራተኛ ላይ ጭነት ሲደረብ አይቻለሁ።

ከዚያ ሌላ ነርስ ጠራች። ፊት ለፊት ቆመው፣
አንዷ ስትጠይቅ አንዷ ስትመልስ፣ እንደ ቅዳሴ ተቀባብለው፦
“ክብደት?” “ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አራት።”
“ዕድሜ?” “ዘጠኝ ቀን።”
“መጠን?” “አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት ሚሊግራም።”
“በየስንት?” “በሃያ አራት ሰዓት አንዴ።”
እነሱ ነጠላ ሰረዝ ነው የሚሏት፤ እኔ በልቤ ነጥብ እያልሁ ተከተልሁ።

ያቺ ነጥብ!
አራተኛ ክፍል ሳለሁ ጋሽ ድንቁ በእሷ ሰበብ ሲቀንሱብኝ
“ነጥብ ብትረሳ ማን ይሞታል?” ብዬ ስቄ ነበር።
ብትዘለል፣ መቶ አሥራ ስምንት።
ቀጥሎ የሚመጣው አራት ነጥብ ነው፤
ገና ስም ላልወጣለት፣
አምባሩ ላይ “የትርሲት ወንድ ልጅ” ለተባለ።

በማግስቱ ሰዓቱ ደረሰ። ሊስቤት መርፌውን ይዛ፣ አልሰጠችም።
መጀመሪያ ከተረከዙ ደም፤ የትናንቱ ወጥቶ እንደሁ ለማየት።
“ስጪው እንጂ!” አልሁ።
“ጠብቅ።”
ይህችን ቃል በስንት ቋንቋ እንደጠላኋት!

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ። ጡቱን ያዘ፣ ያውም አጥብቆ።
ከደሙ የተዘራው ምንም አላበቀለም፤ ቫይረስ ነው ተባለ፣
መድኃኒቱም በቃ፣ ይቁም።
እኔ ደግሞ፣ “ጥቂት ቀን ቢጨመርስ? ለምርቃት?”
ምርቃትን በፍላማንኛ ማስረዳት አይቻልም፤
ሻጭ ከሰፈረ በኋላ የሚጨምረው ነው አልኋት፣ ደግሞም ቡራኬ ነው።
ሳቀች። “እዚህ ሚዛን ላይ” አለች፣ “ምርቃቱ ማቆም ነው።”
በመዝገቡም ላይ ከመድኃኒቱ ስም ፊት
አራት ነጥቡን አኖረች። ለእሱ አይደለም፤ ለመድኃኒቱ።

የናሆምን ሽሮፕ ለፋርማሲው መለስሁት።

ዛሬ ወደቡ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣
ከሙዝ ጭነቱ ሦስት ኪሎ ጎደለ።
ክሬኑን አስቆምሁ።
አለቃዬ፣ “ለሦስት ኪሎ?” ብሎ ሳቀብኝ።
ሦስት ኪሎ፤
ልጄ ነው፣ ከነልብሱ።